ከአሮጌ ቴፕ የወጡ ስፒከሮች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከተበላሸ ትልቅ ቴፕ ሁለት ስፒከር ፈትቼ አወጣሁ። ጀርባቸው ላይ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ይላል። አምፕሊፋየሬ ከ4 እስከ 8 ኦም ነው የሚችለው። ሁለቱንም አንድ ቻናል (የግራ ወይም የቀኝ መውጫ) ላይ ላስራቸው?

መልስ፦ ኧረ ተው! በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ካሰርካቸው 2 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። እኔ በወጣትነቴ የአጎቴን አምፕሊፋየር ያጨስኩት እንዲህ አድርጌ ነው። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። በሲሪየስ (አንዱን ከሌላው አስከትለህ) ካሰርካቸው 8 ኦም ይመጣል፣ ግን ምን ያደርግልሃል? አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ ስጥ፣ አለቀ።

መጀመሪያ ግን ጤንነታቸውን እይ። ከፊት በሚርገበገበው ወረቀት ዙሪያ ያለውን ስፖንጅ በጣትህ ነካ አድርገው። እንደ ደረቅ ዳቦ ከተፈረፈረ ጠርዙ ብቻ ይቀየራል፤ ስፒከሩን እንዳትጥለው። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት አውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋ። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማህ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል እየታከከ ነው። ያንን ስፒከር አትጠቀምበት። በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስትለካ ከ3 ኦም ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጥ፣ ጤነኛ ባለ 4 ኦም ስፒከር እንደዚያ ነው።

የፖዘቲቩ ምልክት ከጠፋ 1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ አስነካው። ወረቀቱ ወደ ውጭ ዘለል ካለ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። አንዱን ገልብጠህ ካሰርክ ቤዙ ድራሹ ይጠፋል።

ያለ ሳጥንም አትሞክራቸው። የኋላው ድምፅ የፊቱን ይበላዋል።