ከማሳው ስም በፊት የጠማቂው ስም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ አነስተኛ ቤተሰባዊ ጠማቂዎችና ስለ ስመ ጥር የወይን ማሳዎች

ጥያቄ፦ ሁለት ጠርሙስ ክሎ ደ ቩዦ በአንድ ማዕድ ከፈትን። የምርት ዘመናቸው አንድ፣ «ግራን ክሩ» የሚለው ከፍተኛው የማሳ ማዕረግም አንድ። አንዱ ግሩም ነበር፤ ሌላው ውኃ ውኃ አለን። ተሸወድን ይሆን?

መልስ፦ አልተሸወዳችሁም። ክሎ ደ ቩዦ በፈረንሳይ ቡርጎኝ የሚገኝ፣ በድንጋይ አጥር የተከበበ 50 ሄክታር ገደማ ማሳ ነው። ጥንት የሲቶ ገዳም መነኮሳት ይዞታ ነበር። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ተወርሶ ተሸጠ፤ ኋላም በውርስና በሽያጭ እየተሸነሸነ ዛሬ 80 ገደማ ባለቤቶች አሉት። የአንዳንዱ ድርሻ ጥቂት ረድፍ ተክል ነው። በጥንቱ ሕንፃ በኩል ያለው ላይኛው መሬት ጠጠርና ኖራ ድንጋይ ስለሚበዛበት ውኃ አይቋጥርም። አውራ ጎዳናውን የሚያዋስነው ታችኛው ክፍል ግን ጭቃማ ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ውኃ ያቁራል፣ ፍሬውም ይቀጥናል። ማዕረጉ ግን አጥሩ ውስጥ ላለው ሁሉ እኩል ነው። በዚያ ላይ አንዱ ገበሬ ተክሉን አሳጥሮ ገርዞ ጥቂት ዘለላ ሲያስቀር፣ ሌላው ብዙ ያሸክመዋል። እንዲህ ተከፋፍሎ የተያዘ ማሳ ሲገጥማችሁ ቀድማችሁ የጠማቂውን ስም አንብቡ። ከዚያ ብዙም የማይርቀው ሮማኔ-ኮንቲ 1.8 ሄክታር ብቻ ሆኖ የአንድ ባለቤት በመሆኑ ይህ ጣጣ የለበትም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በቡርጎኝ ብዙ መንደሮች የዝነኛ ማሳቸውን ስም ከራሳቸው ስም ጋር አጣምረዋል፤ ዤቭሬ የተባለው መንደር እ.ኤ.አ. በ1847 ዤቭሬ-ሻምበርታን ሆኗል። መለያው «ሻምበርታን» ብቻ ካለ ማሳው ራሱ ነው፤ «ዤቭሬ-ሻምበርታን» ካለ ደግሞ ከመንደሩ ሌሎች ማሳዎች የተገኘ፣ በማዕረግ ዝቅ ያለ ወይን ነው። የጀርመኖቹ ይብሳል። «ፒስፖርተር ጎልድትሮፕሸን» በሞዘል ወንዝ ዳር ያለ ገደላማ ማሳ ሲሆን፣ «ፒስፖርተር ሚኸልስበርግ» ግን የብዙ መንደሮችን እርሻ በአንድ ስም የጠቀለለ ሰፊ ክልል ነው። እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) ምርት ባሉት ጠርሙሶች ላይ ከአጻጻፉ ማንም ሊለያቸው አይችልም፤ በቃል ከመያዝ ሌላ መላ የለም።

ጥያቄ፦ መለያው ላይ የቤተሰብ ስምና የእርሻ ሥዕል አለ። እውነት ቤተሰቡ ራሱ የጠመቀው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ሥዕሉን ይተዉትና ደቃቁን ጽሕፈት ያንብቡ። ሻምፓኝ ከሆነ ከምዝገባ ቁጥሩ ፊት ሁለት ፊደላት ያገኛሉ። «አርኤም» ማለት ገበሬው የራሱን ፍሬ ራሱ ጠምቋል ማለት ነው፤ ከሌላ መግዛት የሚፈቀድለት እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። «ኤንኤም» ፍሬ ገዝቶ መጥመቅ የሚችል ቤት ነው፤ ትልልቆቹ ስሞች የሚገኙት እዚህ ነው፣ መጥፎ ናቸው ማለት ግን አይደለም። «ሲኤም» የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የሚያሳስተው «አርሲ» ነው፦ ገበሬው ፍሬውን ለማኅበሩ ያስረክባል፣ ማኅበሩ የጠመቀውን ተቀብሎ በራሱ ስም ይሸጣል።

በሌሎቹ የፈረንሳይ ወይኖች ላይ «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ዶሜን»፣ ማለትም በእርሻው የታሸገ የሚለውን ይፈልጉ። «በመጋዘናችን የታሸገ» ዓይነት አባባል ስለ ፍሬው ምንጭ ምንም አይነግርዎትም። በጀርመን «ጉትስአብፉሉንግ» የሚለው ከእርሻው በራሱ ፍሬ ተጠምቆ እዚያው መታሸጉን ያመለክታል፤ «ኤርትሶይገርአብፉሉንግ» ግን ለኅብረት ሥራ ማኅበራትም የተፈቀደ ነው።

ጥያቄ፦ ከነጩ ወይን ሥር የተሰባበረ ብርጭቆ የሚመስል፣ ከአሮጌው ቀይ ሥር ደግሞ ጥቁር አተላ አገኘሁ። ልጣለው?

መልስ፦ ኧረ አይጣሉት። ነጩ ነገር የወይኑ አሲድ ከፖታሲየም ጋር ተዋሕዶ በብርድ የረጋ ጨው ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ከማሸጋቸው በፊት ወይኑን ከዜሮ በታች ለቀናት አቀዝቅዘው ያስወግዱታል፤ ብዙ አነስተኛ ጠማቂዎች ግን ይተዉታል። ብርጭቆ እንዳይሆን ከሰጉ ፍንካቹን ሙቅ ውኃ ውስጥ ይጨምሩት፤ ጨው ከሆነ ይሟሟል።

አተላው ቀለምና ታኒን (አፍ የሚያደርቀው የወይን ልጣጭና ዘር ንጥረ ነገር) እየተያያዙ የዘቀጡት ነው። አይጎዳም፤ ግን ይመርራል፣ ስለዚህ ማጥለል ነው። ጠርሙሱን ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ቀጥ አድርገው ያቁሙት። አንገቱን የሸፈነውን ቆርቆሮ ሙሉ በሙሉ ያንሱ፤ ካላነሱት አተላው ሲመጣ አይታይዎትም። ቡሹን ሳይነቀንቁ ያውጡ። ያረጀ ቡሽ በጠመዝማዛ መክፈቻ ይፈረፈራል፤ በጎንና በጎኑ የሚገባው ባለ ሁለት ምላስ መክፈቻ ይሻላል። ከዚያ ከጠርሙሱ ትከሻ በታች መብራት አብርተው ወደ ንጹሕ የመስታወት ዕቃ በቀስታ፣ ሳያቋርጡ ይገልብጡ። ቆም ብለው ጠርሙሱን ቀና ካደረጉት አተላው ተመልሶ ይበጠበጣል፤ የብዙ ሰው ስህተት ይኸው ነው። እንደ ጭስ የቀጠነ ጥቁር መስመር ወደ አንገቱ ሲጠጋ ያቁሙ። የሚቀረው ግማሽ ብርጭቆ ቢሆን ነው፤ አይሳሱለት።

ፒኖ ኗር ከተባለው ቀይ የወይን ዝርያ የተጠመቀ አሮጌ ወይን ከሆነ ይህን ሊጠጡ ሲሉ ያድርጉት፤ ነፋስ ሲነካው መዓዛው ቶሎ ይጠፋል። ገና ጠንካራ የሆነ ወጣት ቀይ ግን አንድ ሁለት ሰዓት ቢነፍስበት ይለሰልሳል። ቡሹን ነቅሎ ጠርሙሱን እንዲሁ ማቆየት ግን ፋይዳው ትንሽ ነው፤ አየር የሚያገኘው አንገቱ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሽታው ደስ ካላለኝ ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ እንደ ሽታው ነው። የተጫረ ክብሪት ወይም የበሰለ እንቁላል ከሸተተ አየር ያጣ ወይን ነው፤ ብርጭቆውን አሽከርክረው ሩብ ሰዓት ይጠብቁት፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ቡሹ በክሎታል፤ እሱ በመጠበቅ ይብሳል እንጂ አይሻልም፣ ይመልሱት። የፈረስ ጋጣ ሽታ ከእርሾ ዓይነት የሚመጣ ነው፤ ጥቂቱን የሚወዱ አሉ፣ ፍሬውን ሲያፍን ግን ጉድለት ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ወደ አቼቶ እየሄደ ነው።

ጥያቄ፦ ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ የሚባለው ትክክል ነው?

መልስ፦ ክፍሉ 16 ወይም 17 ዲግሪ ከሆነ አዎ። 25 ዲግሪ ላይ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል፤ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት። ጥሩ ነጭ ወይን ደግሞ በተቃራኒው ከፍሪጅ እንደወጣ ድዳ ነው፤ 20 ደቂቃ ውጭ አቆይተው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲደርስ ይቅዱት።