ሁሉ ተቀይሮለትም ኮሶዬ ላይ የሚያፈላው ዶልፊን

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የጎንደር ሾፌር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ከጎንደር ደባርቅ የምሠራበት ዶልፊን ሚኒባስ አለኝ። ሞተሩ 3ኤል ናፍጣ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ይግላል። መጀመሪያ ራዲያተር ቀየርኩ፣ ቀጥሎ የውሃ ፓምፕ። ከዚያ ጋስኬት ነው ተባልኩና ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወርዶ ቶርኖ ቤት ተላጨ። ቴርሞስታቱንም ለእኛ አገር አያስፈልግም ብለው አወጡት። ከተማ ውስጥ ምንም አይል። ሰው ሞልቼ ወደ ኮሶዬ ስወጣ ግን የሙቀት ጌጁ ቀይ ሳይነካ ውሃውን በሪዘርቩ (በትርፍ ውሃ መያዣው) በኩል ይተፋዋል። ጠዋት ሳየው ሪዘርቩ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ጎደሎ ነው። አሁን ሞተሩን ቀይር እያሉኝ ነው። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ የሞተሩን ነገር ለጊዜው ተወው። እስካሁን የተሠራልህ እቃ መቀየር እንጂ ምርመራ አይደለም። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ ነገሩ ከርሞ ጥጃ የሆነብህ ለዚህ ነው። ደግነቱ አንተ በደንብ አስተውለሃል። ጌጁ ቀይ ሳይነካ ውሃው መፍላቱና ሪዘርቩ ሞልቶ ራዲያተሩ መጉደሉ ትልቅ ፍንጭ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ራዲያተሩ ሲቀየር ክዳኑስ አብሮ ተቀይሯል? ብዙ ጊዜ አዲሱ ራዲያተር ላይ አሮጌው ክዳን ይመለሳል። «ክዳን ምን ይሆናል?» ይባላል። በእኛ ደጋ ግን ክዳን ብዙ ነገር ይሆናል።

ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። ስለዚህ እዚህ ክፍት ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ 91 እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። ታዲያ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ልክ እንደ ፕሬሸር ኩከር። 0.9 የሚል ቁጥር ያለው ደህና ክዳን ጎንደር ላይ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። ግማሹ ኩላንት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል።

ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ገና በደህና ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ይፈላል። ጌጁ ቀይ ያልነካው ለዚህ ሊሆን ይችላል። የፈላው ውሃ ወደ ሪዘርቭ ይወጣል፣ ራዲያተሩ ይጎድላል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ የምሩን ይግላል። መተማ ሙቀት ነው፣ ኮሶዬ ብርድ ነው እያልን ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን። ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው መኪና ቆላ ላይ ችሎ ደጋ ላይ ሊያፈላ ይችላል። መተማ ላይ ውሃ የሚፈላው 97 ዲግሪ አካባቢ ነውና።

ክዳኑ ውስጥ ሁለት ቫልቭ አለ። ትልቁ በስፕሪንግ ተጭኖ ግፊት ይይዛል። መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ ሪዘርቭ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ራዲያተር ትመልሳለች። ያንተ ውሃ አይመለስም። ስለዚህ ወይ ትንሿ ቫልቭ ተጣብቃለች፣ ወይ የክዳኑ ላስቲክ አየር ያሳልፋል፣ ወይ ወደ ሪዘርቭ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቋል። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ፍታው። ላስቲኩ ደርቆ ወይም ተቆራርጦ እንደሆነ እየው። ትንሿን ቫልቭ በጥፍርህ ሳብ አድርገህ ልቀቃት፤ ወዲያው መመለስ አለባት። የራዲያተሩን አፍም በጣትህ ዳብሰው። ዝገት ወይም ጉድፍ ካለ አዲስ ክዳንም አይዘጋውም። ጠዋት የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ተጨምድዶ ካገኘኸው ትንሿ ቫልቭ እንደተጣበቀች ጠርጥር።

ስትገዛ ለመኪናህ የታዘዘውን ቁጥር ግዛ። በ0.9 ፋንታ 1.1 ብገጥም ይሻላል ብለህ አትሞክር። ያረጀ ቱቦና የማሞቂያ ራዲያተር ይፈነዳብሃል።

ሁለተኛው ቴርሞስታቱ ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ ዘግቶ የሚይዘው ማለት ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ቴርሞስታት ማውጣት ጥገና አይደለም። የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ራሳቸው ሞተሩ ቢግል እንኳ ቴርሞስታቱ እንዳይወጣ ያስጠነቅቃሉ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ከታች ሁለተኛ ዲስክ አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ላይኛው ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍታል፣ ታችኛው ዲስክ ደግሞ ወደ ሞተር የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ካወጣኸው አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከሙቁ ውሃ የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ አይታወቅህም። ዳገት ላይ ነው የሚታወቀው።

አዲስ ግዛና ከመግጠምህ በፊት ቤት ውስጥ ፈትነው። ድስት ውስጥ ውሃ አድርገህ ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው፤ የድስቱን ታች አይንካ። 82 የተጻፈበት ከሆነ ውሃው ሳይንተከተክ መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 አካባቢ ነው። የጎንደር ድስት እዚያ ስለማይደርስ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ብታየው ተበላሽቷል ብለህ አትመልሰው።

ከዚያ ወደ ፋኑ እለፍ። የቺንጋውን ውጥረት እይ። የፋኑ ክላች ውስጥ ዘይት አለ፤ ፊቱ ላይ የዘይት ቅባት ከታየ እያለቀ ነው። መኪናው በደንብ ሞቆ ሲቆም ሞተሩን አጥፋና ፋኑን በእጅህ አዙረው። መክበድ አለበት። እንደ ልቡ ከተሽከረከረ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ አየር አይስብም፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ከፊት የሚገባው ነፋስ ብቻውን አይበቃም። የፋኑ ዙሪያ መከለያ መኖሩንም አረጋግጥ። ራዲያተር ሲቀየር አውልቀው ሳይመልሱት የሚቀሩ አሉ። ያለ እሱ ፋኑ የሚስበው አየር በራዲያተሩ ውስጥ ሳይሆን በጎን በኩል ይመጣል።

ይህን ስትጨርስ ውሃውን በሥርዓቱ ሙላ። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ንጹሕ ውሃ ይሁን። መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ እንዲሆን ትንሽ ተዳፋት ላይ አቁመው። የውስጥ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርግ። ክዳኑን ክፍት አድርገህ ቀስ ብለህ ሙላ፣ አስነሳው፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፍት ጠብቅ፣ የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ጨመቅ አድርግና የጎደለውን ሙላ። አየር ውስጥ ከቀረ ልፋትህ ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ቴስታታው። አልረሳሁትም። እነዚህ ኤል ሞተሮች አንዴ በደንብ ከጋሉ ቴስታታቸው በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። መላጨት ፊቱን ያስተካክላል፣ ስንጥቅ ግን አይደፍንም። ስለዚህ የሠራልህን ሰው «ቴስታታው ከመገጠሙ በፊት በግፊት ተፈትኗል ወይ?» ብለህ ጠይቀው። የብሎኩ ፊትስ በማስመሪያ ታይቷል? ካልታየ አዲሱም ጋስኬት ብዙ አይቆይም።

አንተ ራስህ ልትፈትሽ የምትችለው አለ። ጠዋት በቀዝቃዛው አስነሳና የላይኛውን ቱቦ ያዝ። ውሃው ሳይሞቅ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ሌላ ጠዋት ደግሞ ክዳኑን ከፍተህ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሙላና አስነሳ። መጀመሪያ ላይ የሚወጣ አረፋ የቀረ አየር ሊሆን ይችላልና አትደንግጥ። ሳያቋርጥ ከቀጠለና ነዳጅ ስትሰጠው ከጨመረ ግን የቃጠሎ ጋዝ ነው። ጥርጣሬ ካለህ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መፈተሻ ያለው ጋራዥ ፈልግ። ፈሳሹ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ ከተለወጠ አለቀ፣ ቴስታታው መውረድ አለበት። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ በግፊት ይፈተን፣ ጋስኬት የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚይዝ ፍሬንና የሚንሸራተት ፍሪሲዮንም ሞተሩን ዳገት ላይ ያስጨንቁታል። ደባርቅ ደርሰህ ስትወርድ ቸርኬዎቹን በእጅህ መርምር፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል።

አደራ፣ መንገድ ላይ ቢፈላብህ ትኩስ ክዳን አትክፈት። ተሳፋሪ ቢቸኩልም አትክፈት። ፊትና እጅ ይልጣል። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ፤ ደህናውን ቴስታታ የሚሰነጥቀው እሱ ነው። ከዳር አቁም፣ ቱቦው በእጅ ሲያዝ እስኪለዝብ ጠብቅ፣ ከዚያ በጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ ፍታ።

እንግዲህ ክዳኑንና ቴርሞስታቱን ለውጥ፣ ፋኑን እይ፣ አየሩን አስወጣ። ከዚያ ሰው ሳትጭን እስከ ኮሶዬ ውጣና ተመለስ። አድሮ ጠዋት ራዲያተሩ ሙሉ ከሆነ፣ ሪዘርቩም ከነበረበት ምልክት ካልተነሳ፣ በግማሽ ጭነት ሞክረው። አሁንም ከተፋ ግን የአረፋውንና የቱቦውን ፍተሻ ውጤት፣ እንዲሁም ሲፈላ ጌጁ የት እንደነበረ ጽፈህ ላክልኝ። እስከዚያው ድረስ ለሞተር ቀብድ አትክፈል።