«መስከረም ጠባ» ብለሽ የጀመርሽውን ሰርዢው

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተመርቀሽ ስድስት ወር ሆኖሻል። ለስክሪፕት ጸሐፊነት ስታመለክቺ «ስለ አዲስ ወቅት ከራስሽ ሕይወት 600 ቃል» ተባልሽ፤ ጽፈሽ ላክሽ፤ አልተጠራሽም። አሁን በላክሽልኝ ደብዳቤ «ገጠር ነው ያደግሁት፣ የሚተረክ ሕይወት የለኝም፤ ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው?» ትያለሽ። አባትሽ ደግሞ የባንክ ፈተና ተፈተኚ እያሉ ነው፤ ላፕቶፕም የለሽም።

ጽሑፍሽ መስከረም ጠባ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ሜዳው በአደይ አበባ አሸበረቀ፣ ልብ በተስፋ ተሞላ እያለ ይጀምራል። የስምንተኛ ክፍል ድርሰት ነው። ጥፋቱ ግን ከተሰጥኦሽ ሳይሆን ራስሽን ከጠየቅሽው ጥያቄ ነው። «መስከረም ምን ይመስላል?» ብሎ የተነሳ ሰው የሚያገኘው የሁሉንም ሰው መልስ ነው። ጥያቄሽ አንድ ቀን፣ አንድ ሰውና በእጅ የሚነካ አንድ ነገር ይኑረው።

ለምሳሌ፦ ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዝናብ ሲመጣ ልጆቹን ማን አስወጣ፣ ማንስ እንቢ አለ? አበባየሆሽ ዞራችሁ ያገኛችሁትን ብር ማን ቆጠረው፣ ማን አነሰኝ ብላ አኮረፈች? ደመራው በየት በኩል ወደቀ፣ ሽማግሌዎቹስ ያንን አይተው ምን አሉ? አንዲት አደይ አበባ ስንት ቢጫ ቅጠል አላት? (ወጥተሽ ሳትቆጥሪ «አሸበረቀ» አትበዪ።)

ከሁሉ የሚበልጠውን ግን ጽሑፍሽ ውስጥ ሳይሆን ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፦ «መስከረም ላይ ለደብተርና ለዩኒፎርም በግ ይሸጥልኝ ነበር»። ታሪክሽ እሱ ነው። በገበሬ ቤት መስከረም ሜዳው በአበባ የሞላበት፣ ጎተራው የጎደለበት ወር ነው። ጤፉ ገና ከአረም አልወጣም፣ አዲስ እህል አልደረሰም፤ በዓሉና የትምህርት ቤት ወጪው ግን ተከታትለው ከች ይላሉ። እንግዲህ ራስሽን ጠይቂ፦ የትኛዋ በግ ተመረጠች? ማን ጎትቶ ወሰዳት? ስንት ተባለች፣ በስንት ሄደች? ከደብተሩ የተረፈው ብር ምን ሆነ?

ወረቀት ያዢ፣ የስልክሽን ደወል ለ12 ደቂቃ ሙዪ፣ እጅሽን ሳታነሺ ጻፊ። በአንድ ጧት አንድ ጥያቄ ብቻ። 150 ቃል ከወጣልሽ ይበቃል። በማግስቱ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ይቆረጥ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ማሟሟቂያ ስለሆኑ አውጫቸው። መጨረሻው «ከዚህ የተማርኩት» የሚል ከሆነ እሱም ይውጣ። 600 ለመሙላት ሌላ በዓል አትጨምሪ፤ ያንኑ ቀን ዘርጊው፦ የዋዜማው ሌሊት፣ የገበያው መንገድ፣ ማታ ይዛችሁት የተመለሳችሁት ባዶ ገመድ። ስክሪፕት ጸሐፊ የሚቀጥር ሰው በጆሮው ነው የሚያነበው።

መስከረም 1ን «የፀደይ መግቢያ» ማለትሽንም አርሚ። በእኛ አቆጣጠር ክረምት እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መፀው ነው፤ ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ጠንቃቃ አርታኢ እዚያች ላይ ያቆምሻል።

በግ እየሸጡ ያስተማሩ አባት የወር ደመወዝ ቢመኙ አይፈረድባቸውም። ፈተናውን ተፈተኚ። «ጽሑፍ ሥራ አይደለም» ካሉሽ ግን ተሳስተዋል፤ ስንት ብር ከፍለው ያስተማሩትን ሙያ ራሳቸው ዋጋ እያሳጡት ነው። ሬዲዮ ጣቢያ፣ ማስታወቂያ ድርጅት፣ የመሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት በሰዓቱ ጽፎ ለሚያስረክብ ሰው ይከፍላሉ። እኔ ብሆን ከአካባቢሽ ሬዲዮ እጀምራለሁ፤ በየቀኑ የማይለወጥ የአየር ሰዓት አለ፣ የሚያርምሽ ሰውም አለ። «ስምሽ ይታወቅልሻል» እያለ በነፃ የሚያስጽፍሽን አንድ ናሙና ሰጥተሽ ተሰናበቺው።

ላፕቶፑ ይቆይ። በስልክሽ ተይበሽ ፒዲኤፍ አድርጊው፤ ከመላክሽ በፊት ግን ለጓደኛሽ ልከሽ ፊደሉ ወደ ባዶ ሳጥን ሳይቀየር መከፈቱን አረጋግጪ።