ቲዩቡን ከመውቀሳችሁ በፊት

ይድረስ ካውያ ይዛችሁ ለምታመሹ ልጆች፣

ባለፈው ሰሞን አንድ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ልጅ ፔዳል፣ ያው በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይረውን ሣጥን፣ ይዞ መጣ። ራሱ ነው የሠራው። የአሉሚኒየም ሣጥን፣ አንዲት ቲዩብ (እየጋለች ድምፅ የምታጎላ የብርጭቆ አምፖል)፣ አራት ማዞሪያ። እውነቴን ነው፣ ንጹሕ ሥራ ነበር። ብየዳው ያብረቀርቃል፣ ሽቦው ተሰልፏል። «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ያገሳል፣ መድረክ ላይ ይሞታል» አለኝ። «ቲዩቡን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት» ብሎ የተቀየሩትን ሦስቱንም በሶፍት እንደጠቀለላቸው ከቦርሳው አወጣ።

ቲዩቦቹን አላየኋቸውም። «መድረክ ላይ በምንድነው የምታስነሣው?» አልኩት። ሌሎቹን ፔዳሎች በሚያስነሣበት አዳፕተር ነው። 9 ቮልት፣ ከአንድ ገመድ አምስት አፍ የወጣለት። ያንኑ ሰካውና ቴስተሬን የቲዩቡ 4ኛና 5ኛ እግር ላይ፣ የማሞቂያው ኮረንቲ በሚገባበት፣ አሳረፍኩ። 7.4 ቮልት። እዚያ ቦታ 12 መሆን ነበረበት።

«ታዲያ ለምን በዚህ ሰካኸው?»

«ገባ እኮ!»

ገባ እኮ። ይቺን መልስ በሥራ ዘመኔ ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። እኔም ብያታለሁ፣ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ወደ እኔ ስትመጡ ሁላችሁም የምትጠይቁት ስለ ድምፅ ነው። የትኛው ቲዩብ ይሞቃል? የትኛው ካፓሲተር ይሻላል? ስለ ኃይሉ የሚጠይቀኝ የለም። ኃይሉ መጨረሻ ላይ፣ ሣጥኑ ከተቀባ በኋላ፣ በመሳቢያ ውስጥ በተገኘው አዳፕተር ይፈታል። እኔ ደግሞ የምጀምረው ከእሱ ነው። ኃይሉ ሳይስተካከል አንድም ሬዚስተር አልበይድም።

አብዛኛው ሰው የሚጠቀምባት ቲዩብ 12ኤኤክስ7 ናት። አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሏታል። እኛ ድሮ ሁሉንም በአንድ ስም ቫልቭ ነበር የምንለው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች አሏት። ይቺ ቲዩብ እንድትሞቅ ብቻ 12.6 ቮልት ላይ 150 ሚሊአምፔር ትፈልጋለች። 2 ዋት ገደማ ነው። ድምፁን የሚሸከመው ከረንት ግን በየክፍሉ 1 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። ጀበናን አስቡ። ቡናው ጥቂት ነው፣ የከሰሉ ወጪ ነው የሚበዛው። ከሰሉ ደከም ካለ ደግሞ የይርጋጨፌም ይሁን የሐረር ቡናው አይፈላም። ካቶዱ፣ ማለትም ውስጧ የሚሞቀው ብረት፣ በደንብ ካልጋለ ኤሌክትሮን አይለቅም። በ7.4 ቮልት ቲዩቧ ትሞቃለች፣ ትንሽ ቀላ ትላለች፣ ሰውዬው «በርቷል» ይላል። ድምፁ ግን ይሰንፋል፣ ይደፈናል። በ12 ቮልት ብታስነሷት ግን ምንም አትሆንም፣ የ5 ከመቶ ጉድለት አያስቀይማትም።

ሁለተኛው ኃይል ከፍተኛው ቮልቴጅ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ገበያ ላይ ፕሌቱን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን የሚቀበለውን ክፍል፣ በ12 ቮልት ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ፔዳሎች አሉ። አንዳንዶቹ ከቲዩቡ ሥር ብርቱካናማ ኤልኢዲ ይደብቃሉ፣ የጋለች እንድትመስል። ቲዩቧ በ12 ቮልትም ትሠራለች፣ አልዋሽም። ለጊታር የተሰባበረ ድምፅ ለሚወድ ሰው እንዲያውም ጥሩ ቅመም ናት። ለቤዝ ግን አልወደውም። ቤዝ ሲመታ ማዕበሉ ትልቅ ነው። ጣሪያው ዝቅ ካለ ገና ከመነሣቱ ጭንቅላቱን ይመታል። 250 ቮልት ስትሰጡት፣ ፕሌቱ ላይ 100 ኪሎ ኦም፣ ካቶዱ ላይ 1.5 ኪሎ ኦም ስታደርጉ፣ ፕሌቱ ከ150 እስከ 180 ቮልት ባለው መሀል ያርፋል። ወደ ላይም ወደ ታችም መፈናፈኛ አለው።

250 ቮልቱ ከየት ይመጣል? እኔ የመጀመሪያዬን የሠራሁት ከምን አለሽ ተራ በለቀምኳቸው ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ነው። አንዱ 220ውን ወደ 12 ያወርዳል፣ ሌላው ተገልብጦ 12ቱን መልሶ ያወጣል። ሞኝ ይመስላል፣ ግን ከግድግዳው መብራት ጋር የሚያገናኝ ሽቦ አይኖርም። ይህን ልብ በሉ። ትራንስፎርመር ሳታስገቡ 220ውን በዳዮድ አቅንቶ መጠቀም የሚባል ነገር አለ። እንዳታስቡት። በዚያ ሣጥኑ ኮረንቲ ይሆናል፣ ከሣጥኑ ጃኩ፣ ከጃኩ የጊታሩ ክር። ቤዚስቱ ክሩን ይዞ ከንፈሩን ማይክ ላይ ሲያደርግ ምን እንደሚፈጠር ለእናንተ አልጽፍም።

የሁለት ትራንስፎርመሩ ፔዳል ይሠራ ነበር፣ ግን ይጮኽ ነበር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ቤዝ ላይ ኢ ክር ሦስተኛው ፍሬት፣ ሶል፣ 49 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ፔዳሌ ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ያለ ሶል ከሥር ይዘምር ነበር። መብራቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ኮረንቲ (ዲሲ) ሲቀና ደግሞ በእጥፉ፣ 100 ኸርዝ ላይ። ዘፈኑ በሶል ትዝታ ከሆነ ማንም አይነቃም። ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ግን ጥርስ ያሳክካል። የባንዱ ዘፋኝ «ይሄ ሰውዬ የማን ኪቦርዲስት ነው?» ይለኝ ነበር።

ያው ፔዳል ነው ያስተማረኝም። አንድ ማታ ከሶኬት ነቅዬ፣ ሻይ ጠጥቼ ተመልሼ፣ ክዳኑን ከፍቼ አንድ ሽቦ ላስተካክል እጄን ሰደድኩ። ኃይል የሚያጠራቅም 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነበረው፣ ሙሉ እንደሆነ። የማስታውሰው ጠመንጃ መፍቻው ማዶ ግድግዳ መትቶ ሲወድቅ ነው። ክንዴ እስከ ብብቴ ደንዝዞ ቆየ። ከሶኬት ተነቅሎ ነበር እኮ! ካፓሲተር ግን መነቀሉን አያውቅም።

ስለዚህ በካፓሲተሩ ጫፍና ጫፍ 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለዘለቄታው በይዱ። 1 ዋት የሚችለውን፣ ትንሿን የሩብ ዋት አይደለም። ከ47 ማይክሮፋራድ ጋር በደቂቃ ውስጥ ባዶ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላም አትመኑት። ቴስተሩ ከ10 ቮልት በታች እስኪያሳይ ጠብቁ። እየሠራ ስትለኩ ጥቁሩን ሽቦ ግራውንድ ላይ በመቆንጠጫ አሲዙ፣ ቀዩን በአንድ እጅ ያዙ፣ ሌላውን እጅ ኪስ ውስጥ ክተቱ። ብቻችሁንም አትሥሩ። እንቅልፍ ሲይዛችሁ ደግሞ ተኙ።

ዛሬ ሁለት ትራንስፎርመር አልመክራችሁም። ከ12 ቮልት ዲሲ ተነስቶ እስከ 200ና 250 የሚያወጣ ትንሽ መቀየሪያ ሰሌዳ ይገኛል፣ ሥዕሉም በየቦታው ነው። 220ው ግድግዳው ላይ፣ አዳፕተሩ ውስጥ ይቀራል። ማሞቂያውም በዲሲ ስለሚሞቅ ያ የሶል ዘፈን ይጠፋል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ለ250 ቮልቱ 3 ሚሊአምፔር ብንመድብ 0.75 ዋት ነው። መቀየሪያው በሙቀት የሚያባክነውን ጨምራችሁ 1 ዋት በሉት። ከ12 ቮልቱ ላይ 85 ሚሊአምፔር ያህል ይስባል። ከማሞቂያው 150 ጋር 235። የፔዳል መሸጫው 100 ሚሊአምፔር አዳፕተር አይበቃም ማለት ነው። እኔ 1 አምፔር የሚሰጥ ነው የምይዘው። ማሞቂያው ቀዝቃዛ ሳለ ሬዚስታንሱ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ በመነሻው ላይ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ይስባል።

12 ቮልት 1 አምፔር አዳፕተር መርካቶ ሞልቷል፣ የዋይፋይ ራውተር ማለት ነው። አሁን ወደ እኔ «ገባ እኮ» እንምጣ። የራውተር አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ የመሰኪያው መሀል ፖዘቲቭ ነው። የፔዳል ልማድ ደግሞ መሀሉ ነጌቲቭ ነው። ቀዳዳው ያው ነው፣ ጥርት አድርጎ ይገባል። ገባ፣ ጭስ ወጣ። የአንድ ሳምንት ሥራ በሁለት ሰከንድ። ከዚያ ወዲህ መግቢያው ላይ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ዳዮድ ሳላስቀምጥ ክዳን አልዘጋም።

መቀየሪያው ራሱ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይበራል ይጠፋል። ጆሮ አይሰማውም፣ ቲዩቡ ግን ይሰማዋል። የመቀየሪያውን የሽቦ ጥቅል ከመግቢያው ጃክና ከመጀመሪያው ግሪድ፣ ማለትም ድምፁ ወደ ቲዩቡ ከሚገባበት እግር፣ አርቁት። እኔ በሣጥኑ ሌላ ጥግ አድርጌ በቆርቆሮ እለየዋለሁ።

ወደ ድምፁ እንምጣ፣ እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። ከጊታር ሥዕል ስትገለብጡ ተጠንቀቁ። የቤዝ ኢ ክር 41 ኸርዝ ነው፣ ባለ አምስት ክር ከያዛችሁ ቢው 31 ይወርዳል። አንድ ተማሪዬ ከጊታር ሥዕል ላይ 2.2 ናኖፋራድ ማገናኛ ካፓሲተር ከ470 ኪሎ ኦም ጋር ገልብጦ መጣ። ያ ከ154 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ይጀምራል። ኢ ክሩ ወደ ሩብ ወርዷል። ልጁ ቤዝ ማዞሪያውን እስከ ጥግ አዙሮ «አምፑ ደካማ ነው» ይላል። 22 ናኖ አደረግነው፣ መቁረጫው ወደ 15 ኸርዝ ወረደ፣ አምፑ በአንዴ ጠነከረ። የካቶዱም እንደዚሁ ነው፣ ለጊታር 0.68 ማይክሮፋራድ የሚሉትን እናንተ 22 አድርጉት።

ሁለተኛዋን የቲዩቧን ክፍል ለማጉላት አትስገብገቡባት። ካቶድ ፎሎወር፣ ማለትም ድምፁን ከካቶዱ የምትሰጥ፣ የማታጎላ፣ አድርጓት፣ ረጅም ገመድና ሚክሰር መንዳት ትችላለች። በእግር የሚረገጥ ዕቃ ስለሆነም ቲዩቧን በእርሳስ ጫፍ ኳ ኳ አድርጓት። በአምፑ ውስጥ እንደ ደወል ካቃጨለች ለሌላ ሥራ አስቀምጧት።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ካላችሁኝ፣ የካሴት ዘመኑን የሮሃ ባንድ ቅጂ በጥሩ ማዳመጫ ስሙና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ ተከተሉት። ችክችካው ላይ ምን እንደሚሠራ ስሙ። እሱ በምን ዕቃ እንደተጫወተ እያወራሁ አይደለም፣ ጣት ነው። ግን እንደዚያ የሚራመድ ቤዝ የሚራመድበት ሜዳ ይፈልጋል። በውጭው ዓለም ይህን ሜዳ የሰጡት ግዙፍ የቲዩብ አምፖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው አምፔግ ኤስቪቲ 300 ዋት ነው፣ ጭንቅላቱ ብቻ ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያንን በራይድ ይዛችሁ ሆቴል አትገቡም። ፔዳሉ ግን ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

ልጁን ረሳሁት። ከመደርደሪያ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር አዳፕተር አወረድኩ፣ የመሀሉን አይቼ ሰካሁ። 4ኛና 5ኛ እግር ላይ 12.1 ቮልት። ግማሽ ደቂቃ ጠበቅን። ኢ ክሩን አንዴ መታው፣ መደርደሪያው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ተንጫጫ። ስንት ልክፈል ሲለኝ በሶፍት የጠቀለላቸውን ሦስት ቲዩቦች ጠየቅኩት። «የተቃጠሉ ናቸው እኮ ጋሼ» አለኝ። «ይሁን» አልኩት።

ማታ አንድ በአንድ ሰክቼ ሞከርኳቸው። ሦስቱም ደህና ናቸው።