የጣናን ጨረቃ ለማንሳት፦ ጥያቄና መልስ

ጨረቃ ስትወጣ ማንሳት ለምትፈልጉ የባሕር ዳር ልጆች፣ የጠየቃችሁኝን እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሙሉ ጨረቃ ምሽት አንስቼ ጨረቃዋ ነጭ ነጥብ ሆነች፣ ሌላው በሙሉ ጨለማ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በዋዜማው ውጣ። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ነው የምትወጣው። በሙላቷ ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ገደማ ብቅ ትላለች፤ ከፍ ብላ እስክትደምቅ መሬቱ ይጨልማል። በዋዜማው ግን ፀሐይ ሳትገባ ቀድማ ትወጣለች። ያኔ ደንገሉም ታንኳውም ብርሃን አለው። በአንድ ቀን መጉደሏን በዓይን የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ቀኑን ለማወቅ ሙስሊም ጎረቤትህን ጠይቅ፤ የሂጅራው ወር 13 ወይም 14 ሲደርስ ባትሪህን ቻርጅ አድርግ።

ጥያቄ፦ ከከተማው ሳልወጣ ከውሃው በላይ ስትወጣ አገኛታለሁ?

መልስ፦ እንደ ወሩ ነው። ጣና ከከተማችን በስተሰሜን ነው፣ ጨረቃ የምትወጣው ደግሞ ከምሥራቅ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘንበል ብላ ትወጣለች፤ ከከተማው ምዕራብ በኩል ካለው ዳርቻ መጠበቅ ያዋጣል። ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በሰኔ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትሄዳለች፣ ደመናውም ይሸፍናታል። ዘጌ የሚያድር ሰው ግን በልሳነ ምድሩ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይቁም፤ ውሃው ከፊቱ ነው።

ጥያቄ፦ ያ ግዙፍ ጨረቃ ያለበት ፎቶ እንዴት ይነሳል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከምታነሺው ሰው ራቂ። ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ዳር ላይ የቆመ ዓሣ አጥማጅን ከ10 ሜትር ብታነሺው ጨረቃዋ አጠገቡ ብርቱካን ታክላለች። ወደ 200 ሜትር ብትርቂ ግን ከቁመቱ ጋር እኩል ትሆናለች። ከዚያ 300 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሚረዝም ሌንስና ትሪፖድ ያስፈልግሻል። ቦታሽን ቀድመሽ ያዢ፤ ጨረቃ የራሷን ስፋት ያህል ለመሄድ 2 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ሰውየውን ቀኝ ግራ ስትይ ጨረቃዋ ታመልጥሻለች። እኔ በጣም የምወደው ፎቶ ይሄ ነው፣ ጨረቃዋ ብቻዋን ከየትም አገር አንድ ናትና።

ጥያቄ፦ የካሜራው ሴቲንግስ?

መልስ፦ ከፍ ላለች ሙሉ ጨረቃ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 11፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። አድማስ ላይ ስትሆን አቧራና ጭስ ያደበዝዛታል፤ አይኤስኦውን ወደ 400 ከፍ አድርግ። ፎከሱን ለካሜራው ሳትተው በእጅህ አስተካክል።

ጥያቄ፦ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ።

መልስ፦ ይበቃል። ዙሙን ተው። ጨረቃዋን ነካ አድርገህ ብርሃኑን ዝቅ አድርግ፣ የታንኳውን ቅርጽ በጥቁሩ አስቀር።

ጥያቄ፦ ቤዛዊትና ጢስ ዓባይስ?

መልስ፦ ከቤዛዊት ኮረብታ ከተማውም ዓባይም ይታያል። ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ጥበቃ ስላለው ካሜራ ከማውጣትህ በፊት ጠባቂዎቹን ጠይቅ። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለቀን ያዘው። ፏፏቴው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ኃይለኛ ነው፣ በበጋ ግን ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ይሳሳል። ቀስተ ደመናውን ከፈለግህ ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ።

ጥያቄ፦ ታንኳ ቀዛፊዎቹን ሳያውቁ ባነሳቸው?

መልስ፦ አይሆንም። ሰላም በላቸው፣ ፈቃድ ጠይቅ፣ ሥራ ካስፈታሃቸው ክፈላቸው። ፎቶውንም አሳያቸው።