ወደ ግሪክ ደሴቶች ለምትሄዱ ወገኖች፤ ከአውሮፕላን ትኬቱ በፊት ዋና ተማሩ

አውሮፓ የሚኖረው ወገናችን በልጆች የትምህርት እረፍት ወደ ግሪክ ደሴቶች መሄድ ከለመደ ሰነባብቷል። ድሮ ያጠራቀምነውን ቋጥረን አዲስ አበባ ብቻ እንመላለስ ነበር፤ አሁን ከፍራንክፈርትም ሆነ ከስቶክሆልም የሚነሳ ቤተሰብ አንዱን ዓመት ለዘመድ፣ ሌላውን ዓመት ለራሱና ለልጆቹ ቢያደርግ ሊወቀስ አይገባም። ሠርቶ ማረፍ ነውር አይደለም። ስለዚህ ጉዞ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ የማውቀውን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ አራተኛው ላይ ስደርስ ግን አሳጥሬ ማለፍ እንደማልችል ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

1. ወረቀት

በሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ለግሪክ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከእንግሊዝ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ግን ቪዛውን ከወራት በፊት ይጠይቅ፤ ሁሉም ደግሞ ዋናውን ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርድ ይያዝ እንጂ በስልክ የተነሣ ፎቶውን ይዞ አይሂድ።

2. ደሴቱንና ዳርቻውን መምረጥ

ንጹሕና አገልግሎቱ የተሟላ ዳርቻ ለሚፈልግ ሰው መነሻው ሰማያዊ ባንዲራ ነው። ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ1985 በፈረንሳይ ተጀምሮ በ1987 ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተስፋፋ፤ በግሪክ ዛሬ በየዓመቱ ከ600 በላይ ዳርቻዎች ስለሚያገኙት አገሪቱ በዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዷ ሆናለች። ባንዲራው በልመና የሚገኝ አይደለም። ውኃው በአውሮፓ ኅብረት መመዘኛ የመጨረሻውን ከፍተኛ ደረጃ ማግኘት አለበት፤ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ባሕሩ መለቀቅ የለበትም፤ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫና የነፍስ አድን መሣሪያ መኖር አለበት። በበርካታ የግሪክ ዳርቻዎች በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ያለ ሰው ርዳታ ውኃ ውስጥ የሚገባበት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሲትራክ የሚባል መንሸራተቻ ወንበርም ተተክሏል፤ አካል ጉዳተኛ ወላጅ ወይም ልጅ ያላችሁ ይህን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ባንዲራው የሚሰጠው ለአንድ ወቅት ብቻ ስለሆነ ያምናው ዝርዝር ለዘንድሮ አይሆንም። ዳርቻው ላይ ስትደርሱ ደግሞ መግቢያው አጠገብ የቆመውን ሰሌዳ አንብቡ፤ የውኃ ምርመራው ውጤት፣ የዳርቻው ካርታ፣ ነፍስ አድን ጠባቂው የሚቆምበት ቦታ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። የእኛ ሰው ሰሌዳውን ተደግፎ ፎቶ ይነሣል እንጂ ዞር ብሎ አያነበውም።

ከባንዲራው ቀጥሎ የሚታየው ነፋሱ ነው። ከሰሜን የሚነሳውና ግሪኮቹ መልተሚ የሚሉት ደረቅ ነፋስ በኤጅያን ባሕር ላይ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ አንዳንዴ ለቀናት አያባራም፤ ሲብስበትም የወደብ ባለሥልጣናት ፌሪዎች እንዳይንቀሳቀሱ ያግዳሉ። የመመለሻ በረራው ከአቴንስ የሆነ ሰው ከደሴቱ በዋዜማው ይውጣ። ከነፋሱም የተነሣ በአንድ ደሴት ላይ ያሉ ሁለት ጠረፎች ሁለት የተለያዩ አገሮች ያህል ይራራቃሉ። ሮድስን ብንወስድ፣ ኢክስያና ኢያሊሶስ ያሉበት ምዕራባዊ ጠረፍ ጠጠራማና ነፋሻማ ሲሆን፣ ፋሊራኪና ጻምቢካ ያሉበት ምሥራቃዊ ጠረፍ አሸዋማና ረጋ ያለ ነው፤ በደቡብ ጫፍ ያለው ፕራሶኒሲ ደግሞ ከሁለት አቅጣጫ የሚመጣ ባሕር የሚገናኝበት በሸራ ሰሌዳ ባሕር ላይ የሚንሸራተቱ የዊንድሰርፍ ሰዎች ሠፈር ስለሆነ ልጅ የያዘ ሰው ከሩቅ አይቶ ይመለስ። በናክሶስ ከወደቡ ከተማ በእግር የሚደረስበት አጊዮስ ጊዮርጊዮስ፣ በቀርጤስም ኤላፎኒሲ ጥልቀታቸው ትንሽ ነው። በኬፋሎንያ የሚገኘውና በየፖስት ካርዱ የምታዩት ሚርቶስ ግን ጥቂት እርምጃ እንደገባችሁ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር የሚጠፋበት፣ ማዕበሉም የሚበረታበት ዳርቻ ነው።

3. ገንዘብ፣ ሥርዓትና ጾም

የባሕር ዳርቻ በግሪክ ሕግ የሕዝብ ነው። በ2023 የፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች ፎጣቸውን ይዘው ወጥተው በአልጋና በጃንጥላ የተወረረውን ዳርቻ መልሱልን ብለው ከተቃወሙ በኋላ፣ በ2024 የወጣው ሕግ ከዳርቻው ቢያንስ ግማሹ፣ ጥበቃ በሚደረግላቸው ቦታዎችም 70 በመቶው ነጻ ሆኖ እንዲቀር አዟል። ስለዚህ የራሳችሁን ፎጣና ጃንጥላ ዘርግታችሁ ብትቀመጡ የሚያስነሣችሁ የለም። የፊት ረድፍ አልጋ ከኋለኛው እጅግ የሚወደደው ለእይታው ነው፤ ባሕሩ ያው አንድ ባሕር ነው። ደረሰኝ ያልተሰጠው ደንበኛ የመክፈል ግዴታ እንደሌለበት በየምግብ ቤቱ የዋጋ ዝርዝር ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በሆቴል ሒሳብ ላይ ደግሞ በየሌሊቱ ለክፍሉ የሚከፈል ግብር ይጨመራል፤ በአውሮፓ በጋ ወቅት ለባለ 3 ኮከብ 5 ዩሮ፣ ለባለ 5 ኮከብ 15 ዩሮ ነው። በመጸዳጃ ቤት ያገለገለ ወረቀት የሚጣለው ወደ ቅርጫቱ ነው፤ ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ይደፈናል።

ነሐሴ ላይ የምትሄዱ ጿሚዎች አትቸገሩም። ግሪኮች የእመቤታችንን ጾም ከኦገስት 1 ጀምረው በ15 በዓሉን ያከብራሉ፤ የእኛ ፍልሰታ በኦገስት 7 ስለሚገባ ሁለቱ ጾሞች ለአንድ ሳምንት ያህል ይገጣጠማሉ። ፋቫ የሚሉትን የክክ ገንፎና ብሪያም የሚሉትን የአትክልት ጥብስ ጣቬርና በሚባለው ምግብ ቤት ሁሉ ታገኛላችሁ፤ ጾማቸው ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ስለማይከለክል ግን ጠይቃችሁ እዘዙ። ቆስ በተባለችው ደሴት የምታርፉ ከሆነ ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት የፍጥሞ ደሴት በፌሪ ይደረስባታል፤ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ዋሻውንና በ1088 የተመሠረተውን ገዳም ለማየት ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዙ።

4. ውኃው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ፣ ባንዲራውም፣ ሰሌዳውም፣ መጸዳጃ ቤቱም፣ ስለ ዳርቻው ይናገራል እንጂ ስለ እናንተ አይናገርም። እኛ ደገኞች ነን። አብዛኞቻችን ያደግነው ወንዝ በክረምት ሲሞላ ከብትም ሰውም እንደሚወስድ እየሰማን፣ እናቶቻችንም ውኃ አጠገብ እንዳንደርስ እየገረፉን ነው። ላንጋኖና ሐዋሳ የሄድነውም ዓሣ በልተን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ እግራችንን ነክረን ተመልሰናል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ሃያ ዓመት አውሮፓ ኖሮ፣ የመዋኛ ገንዳ በሠፈሩ እያለ አንድ ቀን ሳይገባበት፣ ሁለት ልጆቹን ይዞ ኤጅያን ባሕር ላይ የሚወርደው።

በቆስ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ካርዳሜና ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ነፋሱ ከሰሜን ማለትም ከየብሱ ወደ ባሕሩ ስለሚነፍስ ዳርቻው አጠገብ ማዕበል የሚባል የለም፤ ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። አንድ የአገራችን ሰው የስድስት ዓመት ያህል ልጁን በትልቅ የፍላሚንጎ ተንሳፋፊ ላይ አስቀምጦ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በስልኩ ይቀርጻታል። ልጅቱ ትስቃለች፤ እርሱም ይስቃል። ጥቂት ሜትር ራቀች፤ እጁን ዘርግቶ ሊይዝ ሲል ፍላሚንጎው ዞረበት፤ አንድ እርምጃ ሲጨምር ውኃው ወገቡ ላይ ደረሰና ቆመ። ልጅቱ አሁንም እጇን ታውለበልብለታለች። እናትየው ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ኧረ ልጄን!» ስትል ነው ነፍስ አድን ጠባቂው የመንሳፈፊያ ሰሌዳውን ይዞ ሲሮጥ ያየነው። ሲደርስባት በጣም ርቃ ነበር። አባትየው ልጁን ከተረከበ በኋላ ያለው ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል፦ «ባሕሩ እኮ ዝም ያለ ነበር።» እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ እንዲህ ያለው ነው። ከየብስ በኩል ነፋስ በሚነፍስበት ዳርቻ በአየር የተነፋ ነገር ላይ ልጅ አይቀመጥም፤ በክንድ ላይ የሚታሰረው ተንሳፋፊም መጫወቻ እንጂ ሕይወት አድን ጃኬት አይደለም።

ልጆቻችን በትምህርት ቤት ተምረዋል የሚለው መልስም አያጽናናኝም። በጀርመን ሕፃናቱ ኩራት እየተሰማቸው ልብሳቸው ላይ የሚያሰፉት ዜፕፌርድሸን የተባለ ምልክት የሚሰጠው 25 ሜትር ለዋኘ፣ ከገንዳው ዳር ለዘለለና ትከሻው ድረስ በሚደርስ ውኃ ውስጥ የወደቀ ዕቃ በእጁ ላወጣ ልጅ ነው። የነፍስ አድን ማኅበራቱ ራሳቸው ልጁ በራሱ የሚተማመን ዋናተኛ የሚባለው የነሐሱን ደረጃ ሲያገኝ ነው ይላሉ፤ ይኸውም ለ15 ደቂቃ ቢያንስ 200 ሜትር መዋኘትን ይጠይቃል። ያም ቢሆን በሞቀ ገንዳ ውስጥ፣ መምህር ከጎን ቆሞ ነው። ልጁ ጨው ውኃ ጠጥቶ ሲደነግጥ የሚያወጣው ወላጅ ከሌለ ምልክቱ ጨርቅ ነው።

የሚሰምጥ ሰው በፊልም እንደምናየው እየጮኸ እጁን አያወራጭም። አፉ ከውኃው በላይ የሚቆየው ለመተንፈስ ብቻ ስለሆነ ድምፅ ለማውጣት ጊዜ የለውም፤ እጆቹም ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ቡና እየጠጣ ስልኩን የሚመለከት አባት ልጁ የሚጫወት ይመስለዋል። ስለዚህ ልጅ ውኃ ውስጥ ባለ ጊዜ አንድ አዋቂ፣ በስም ተለይቶ፣ ስልኩን ለሌላ ሰጥቶ፣ በክንድ ርቀት ይቁም። «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። መዋኘት የማይችል ወላጅ ደግሞ ልጁን ተከትሎ ወደ ጥልቁ አይዝለል፤ የሚንሳፈፍ ነገር፣ ባዶ የውኃ ጀሪካን እንኳ ቢሆን፣ ይወርውርለትና ጠባቂውን ይጥራ። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው በ108፣ አምቡላንስ በ166፣ ሁሉም በ112 ይገኛሉ።

ስለ ትልልቆቹ ስናገር የሚሰጠኝን ሰበብ በሙሉ አውቀዋለሁ። ሴቶቹ ሹሩባችን ይበላሻል ይላሉ፤ ለሹሩባ የሚበቃ ሰፊ የመዋኛ ቆብ በየስፖርት ዕቃ መደብሩ ይሸጣል። ከወንድ ጋር ገንዳ መግባት የማይፈልጉ አሉ፤ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች የሴቶች ብቻ ሰዓት የሚመድቡ ገንዳዎች አሉ። ወንዶቹ አይናገሩትም እንጂ ችግራቸው ሐፍረት ነው፤ በአርባ ዓመት ዕድሜ ከሕፃናት ጋር ገንዳ ውስጥ መንቦጫረቅ ይከብዳቸዋል። ለአዋቂ ጀማሪዎች ብቻ የሚሰጥ ትምህርት በየከተማው ገንዳ አለ፤ እዚያ የምታገኙት እንደ እናንተ የሚፈራ ሰው ብቻ ነው። እኔ ስጀምር ፀጉሬ ሸብቶ ነበር። መምህሯ በመጀመሪያ ያስተማረችኝ መዋኘት ሳይሆን በጀርባ መንሳፈፍን ነው፤ ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ሆዴ ወደ ላይ ሆኖ፣ እጆቼ ተዘርግተው ሳልሰምጥ ስቀር የተሰማኝን አልረሳውም። ልጆቼ ያን ጊዜ አድገው ከቤት ወጥተው ነበር፤ ትንንሽ ሳሉ ዳር ቆሜ ፎጣ ስይዝላቸው መኖሬ ይቆጨኛል።

ወጪውንም አትንገሩኝ። ለአራት ሰው የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል፣ የፊት ረድፍ አልጋና ለጉዞው ብሎ የተገዛ ልብስ የሚከፍል ሰው የአንድ ክረምት የዋና ትምህርት አቃተኝ ሊል አይችልም። ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ የምታቅዱ በጥቅምት ተመዝገቡ፤ እስከ ሰኔ ድረስ ከበቂ በላይ ጊዜ አላችሁ።

ትኬቱን ቆርጣችሁ ለጨረሳችሁና ለዘንድሮው ያልደረሳችሁ፣ ጻምቢካን ወይም የናክሶሱን አጊዮስ ጊዮርጊዮስ ምረጡ። ጠባቂው ማማው ላይ ባለበት ሰዓት ብቻ፣ ከማማው ፊት ለፊት ግቡ፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ጭራሽ አትግቡ። ውኃው ከወገባችሁ አይለፍ፤ ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ወይም ነጠላ ሲርስ እግር ላይ ተጠምጥሞ ስለሚጥል የዋና ልብስ ልበሱ። ሞገድ ወደ ውስጥ ቢጎትታችሁ በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉ፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ውጡ። ልጆቹን እየተቀያየራችሁ ጠብቁ፤ ተረኛው ማን እንደሆነም ጠዋት ቁርስ ላይ ተነጋገሩ።