ያፈካኝ ክሬም ፊቴን አቃጠለኝ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ማድያት ወጣብኝ። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝን ክሬም 4 ወር ተቀባሁ። በሳምንቱ ፊቴ ፈካ፣ ሰው ሁሉ ጠየቀኝ። አሁን ግን ካልተቀባሁ በ3ኛው ቀን ይቀላል፣ እሳት እሳት ይለኛል። ጉንጬ ላይም ፀጉር እያበቀለ ነው። ልተወው ወይስ ልቀጥል? የቱቦውን ፎቶ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከፊት አበባ ተስሎበታል። ከጀርባው፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ» ይላል። ይሄ መድኃኒት ነው፤ ያውም ስቴሮይድ ከተባሉት የተቆጣ ቆዳ ማብረጃ ቅባቶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት። ለታመመ ቆዳ እንኳ ሲታዘዝ በተከታታይ ከ2 ሳምንት እንዳያልፍ ይመከራል። ፊት ላይማ ጭራሽ።

እንዴት በሳምንት አፈካሽ? ስቴሮይድ ቆዳ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠባቸዋል። ደሙ ሲሸሽ ቆዳው ይገረጣል። በ1962 እ.ኤ.አ. ማኬንዚ እና ስቶውተን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ መገርጣት መለኪያ አደረጉት። ጤነኛ ሰዎች ክንድ ላይ ቀብተው የትኛው ይበልጥ እንደሚያገረጣ አዩ። የስቴሮይድ ቅባት ጉልበት ዛሬም በዚሁ ይለካል። መስታወት ፊት ቆመሽ ያደነቅሽው ያንኑ መገርጣት ነው። ስታቆሚ ሥሮቹ መልሰው ይከፈታሉ፤ መቅላቱና ማቃጠሉ ከዚያ ነው። ሲቆይ ደግሞ ቆዳን አጽንቶ የሚይዘው ኮላጅን ይቀንሳል፣ ቆዳው ይሳሳል። ፀጉሩም የዚሁ መድኃኒት ሥራ ነው።

አልቆጣሽም። እኔ ራሴ የፋርማሲ ተማሪ ሆኜ ለሰርጌ ተቀብቼዋለሁ። የሰርጉ ፎቶ ላይ እንደ ፋኖስ አበራለሁ፤ የቅልቅሉ ላይ ቲማቲም ነኝ። ባለቤቴ አልበሙን ባወጣ ቁጥር ያቺን ገጽ እዘላታለሁ።

አሁን ምን ታደርጊ? ቱቦውን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። በአንዴ ይቁም ወይስ ቀስ እያለ ይቀነስ የሚለውን ቆዳሽን አይቶ እሱ ይወስን። መቅላቱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊቆይ ስለሚችል ተስፋ ቆርጠሽ ወደ ቱቦው እንዳትመለሺ። እስከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ተቀቢ። ሎሚ የሚሉሽን አትስሚ።

ማድያቱን በተመለከተ፣ የመንዝ ብርድ አያታልሽ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እናንተ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ገበያ ስትውዪ ጃንጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ አይለይሽ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም የምትገዢ ከሆነ የቆዳ ቀለም ያለውን ምረጪ። ማድያት በዓይን በሚታየው ብርሃንም ይብሳል፤ እሱን የሚከላከለው ቀለሙን የሚሰጠው ብረት ኦክሳይድ ነው። ግን ፊትሽ ማቃጠሉን ሳይተው አትጀምሪው። የወሊድ መከላከያ ትወስጂ እንደሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሆርሞን ማድያትን ያባብሳል።

አንድ ነገር አልነገርሽኝም። ሕፃኑን ስታቅፊው ጉንጩ ጉንጭሽ ላይ ያርፋል? የሕፃን ቆዳ መድኃኒት ቶሎ ይመጥጣል። ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ እሱንም አዝለሽው ሂጂ።